የጎጃም ልጅ ልብ በምን ይለካ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በየስልኩ ሲዞር የከረመ አንድ ጽሑፍ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላከችልኝ ቢቸና አካባቢ የምትሠራ ነርስ ናት። «ዶክተር፣ እናቶች ይህን እያዩ ልጄን ኢኮ አላስነሳም እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» የሚል አንድ መስመር ጨምራበታለች። የጸሐፊው ስም የለበትም። አጻጻፉ ግን ያነበበ፣ ለወገኑም የሚቆረቆር ሰው እንደሆነ ይመሰክራል።

የሚለውን ላሳጥረው። በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ የልጅን ልብ ለክቶ «ደኅና ነው» ወይም «ሰፍቷል» ማለት ለጎጃም ልጅ አይሠራም፤ ሠንጠረዡ የተሠራው በፈረንጅ ልጆች ነውና። የልብ እድገት በዕድሜ ይታወቃል፤ ካስፈለገም ልጁ እጁን ይጨብጥ፣ ልቡ ጭብጡን ያህላል። የደገኛ ልብ በተፈጥሮው ትልቅ ስለሆነ መሣሪያው ጤነኛውን ሁሉ በሽተኛ ያደርገዋል። የአንድ ዘመዱ ልጅ አንድ ቦታ «ከልክ ውጪ ነው» ተብሎ ሌላ ቦታ «ምንም የለበትም» ተብሏልና መሣሪያው ይዋሻል። ጨረርም አለው። ድሮ ሐኪሞች በማዳመጫ ብቻ ይለዩ ነበር፤ ኢኮ የገንዘብ መሰብሰቢያ ነው።

እኔ እዚሁ ጎጃም የምሠራ የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ከጽሑፉ የምቀበለው አለ፤ የማልቀበለው ይበዛል። በተራ እሄዳለሁ፤ ነጥቦቹ ግን እኩል ስላልሆኑ አንዱ ላይ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ አልፋለሁ።

ከሠንጠረዡ እንጀምር። ኢኮ ስናነሳ የልብ ክፍሎችን ወርድ፣ የግድግዳቸውን ውፍረት፣ የቫልቮቹን (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጉትን በሮች) ስፋት፣ ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ በሚሊሜትር እንለካለን። ሚሊሜትሩ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። 34 ሚሊሜትር ለአንዱ ልጅ ልክ ነው፣ ለሌላው ጠባብ ነው፣ ለአራስ ደግሞ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ የልጁን ቁመትና ክብደት ወስደን የሰውነቱን ስፋት በካሬ ሜትር እናሰላለን። ሂሳቡ ከባድ አይደለም፤ ቁመቱን በሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱን በኪሎ አባዝቶ፣ ለ3,600 አካፍሎ፣ የስኩዌር ሩቱን መውሰድ ነው። ከዚያ ያንኑ ያህል ሰውነት ያላቸው ጤነኛ ልጆች አማካያቸው ስንት ነው፣ ይህ ልጅስ ከአማካዩ ምን ያህል ራቀ ብለን እንጠይቃለን። ይህ የርቀት ቁጥር ዜድ ስኮር ይባላል። ዜሮ ከሆነ ልጁ መሀል ላይ ነው። ከአማካዩ በላይም በታችም እስከ 2 ያለው ክልል ከመቶ ጤነኛ ልጆች ዘጠና አምስቱን ያህል ይይዛል።

«እነዚያ ጤነኛ ልጆች እነማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጸሐፊው የጠየቀው ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን አልፈለገም። በዘርፉ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው የፔዲያትሪክ ሃርት ኔትወርክ ጥናት፣ በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ የ3,215 ጤነኛ ልጆችን ልክ ይዟል። ጥቁሮችም ነጮችም ነበሩበት። ጥናቱ ሊያረጋግጥ የተነሣው ይህንኑ የእኛን ጸሐፊ ጥርጣሬ ነበር። የሰውነት ስፋት ሂሳብ ውስጥ ከገባ በኋላ ዘርም ጾታም ሕክምናን የሚያስለውጥ ልዩነት አላመጡም። ይህ የሚያስገርም አይደለም። ልብ የሚያድገው ደም በሚያደርስለት አካል ልክ ነው፤ አካሉ የማን እንደሆነ አይጠይቅም።

ደግሞም ጸሐፊው ልጅ ካለው ጤና ኬላ ወስዶ አስመዝኖት ያውቅ ይሆናል። በዚያ የምንጠቀምበት የእድገት መለኪያ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው። የተሠራው በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ልጆች ነው፤ አንድም የጎጃም ልጅ የለበትም። የተመረጡት በደንብ የተመገቡ፣ ጡት የጠቡ፣ የሚያጨስ እናት የሌላቸው ልጆች ነበሩ። መለኪያው የሚነግረን ልጅ ሲመቸው እንዴት እንደሚያድግ ነው። በዚያ ሠንጠረዥ «ልጅህ ከስቷል» ሲባል «የፈረንጅ ሚዛን ነው» ብሎ የሚከራከር አባት እስካሁን አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ ግን የምሰጠው አለኝ። በጣም የከሳ ልጅ የልቡም ጡንቻ አብሮ ይቀንሳል። እንዲህ ያለውን ልጅ በሠንጠረዡ ማንበብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእኛው ልጆች የተለኩበት የራሳችን ሠንጠረዥ ቢኖረንም ደስ ይለኝ ነበር። የሚሠራው ሰው ግን አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 ከመቶው ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የቀጨጨ ነበር። የመንጠቆ ትል አለ፣ በቆላው ወባ አለ፣ ሁለቱም ደም ያሳንሳሉ፤ ደም ያነሰው ልጅ ልቡ ጉድለቱን ለማካካስ ይሰፋል። ያገኘነውን ልጅ ሁሉ ሰብስበን «የጎጃም ልክ ይህ ነው» ብንል በሽታውን ልክ አድርገን ጻፍነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ዕድሜና ወደ ጭብጥ። ጭብጡን ቶሎ ልሸኘው። ልብ የጭብጥ ያህል ነው የሚባለው እኛም ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ የልብን ቦታና ግምታዊ መጠን ለተማሪ ለማስረዳት ደግ ነው። በጭብጥ ግን የ5 ሚሊሜትር መስፋት አይታይም፤ የምንፈልገው ደግሞ እሱን ነው።

የዕድሜው ነገር ከባድ ስህተት ነው፤ እኔ ራሴ ወድቄበታለሁና ልናገር።

ከደምበጫ ወዲያ የመጣች እናት ነበረች። ልጇ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ቶንሲል ይመላለስበት ነበር፣ ጉልበቱን ያመው ነበር። በኢኮው ላይ በግራ በኩል ያለው ቫልቭ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ የቶንሲል መዘዝ ሆኖ ቫልቭ የሚያበላሸው። ማፍሰሱ ምን ያህል ይጎዳዋል የሚለውን ከምንመዝንባቸው ነገሮች አንዱ የግራው የታችኛው ክፍል መስፋት አለመስፋቱ ነው። ለካሁት፤ 41 ሚሊሜትር። ካርዱ ላይ ቁመት 121፣ ክብደት 23 ተጽፏል። ሂሳቡ 0.88 ካሬ ሜትር ሰጠኝ። በዚያ ስፋት አማካዩ 37 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ የልጁ ዜድ ስኮር አንድ ተኩል እንኳ አልሞላም። «አልሰፋም» ብዬ ጻፍኩ፤ ወርሃዊውን የፔኒሲሊን መርፌ አዝዤ፣ ለኢኮው የዓመት ቀጠሮ ሰጠሁ።

በሦስተኛው ወር ሳትጠራ መጣች። ልጁ ዳገት ሲወጣ እየቆመ ይተነፍሳል አለችኝ። በዚያ ቀን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ራሴ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ጋቢውን አስወለቅሁት፣ የላስቲክ ጫማውን አስወለቅሁት። 18 ኪሎ። ከግድግዳው አስጠግቼ ለካሁት፤ 110 ሴንቲ ሜትር። ልጅ በሦስት ወር አምስት ኪሎ ሊከሳ ይችል ይሆናል፤ 11 ሴንቲ ሜትር ግን ወደ ታች አያድግም። ስጠይቅ በዚያን ቀን ሚዛኑ ተበላሽቶ ነበርና ካርዱን የሞላው ሰው ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆነውን አማካይ ጽፎ አልፏል። እኔም ልጁ ፊቴ ተኝቶ ሳለ ዓይኔን ካርዱ ላይ አድርጌ ተቀበልኩት።

በትክክለኛው ልክ የሰውነቱ ስፋት 0.74 ነው። ለዚያ ስፋት አማካዩ 34 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ያው 41 ሚሊሜትር፣ ያው ፊልም፣ ዜድ ስኮሩ ሁለት ተኩል አጠገብ ደረሰ። ልቡ ሰፍቶ ነበር፤ ያኔም ሰፍቶ ነበር።

ለእናቱ «ልቡ አብጧል» አልኳት፤ እኛ ሐኪሞች የምንለው እንደዚያ ነው። ደነገጠችና «ኧረ ዶክተር፣ እሱስ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው፣ ማንንም ተናግሮ አያውቅ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ሰፍቷል» ነው የምለው።

ካርዱን የሞላው ሰው የሠራው ጸሐፊው «ይበቃል» የሚለውን ነው፤ በዕድሜ መገመት። ቁመቱ ለዕድሜው የቀጨጨ ልጅ በዕድሜው አማካይ ሲለካ የሰፋ ልብ ልክ መስሎ ያልፋል። ከግማሽ ትንሽ ያነሱ ልጆች በቀጨጩበት ክልል ይህ ስህተት አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አይደለም፤ በየተራው ወረፋ ውስጥ አለ።

ዕድሜ ምንም አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። ሲወለድ የቀኝና የግራ የታችኛው ክፍል ግድግዳቸው እኩል ለእኩል ነው፤ ማኅፀን ውስጥ ሁለቱም እኩል ይሠሩ ነበርና። ልጁ አየር ስቦ ሳንባው ሲከፈት የቀኙ ሥራ ይቀላል፣ የግራው ይከብዳል፣ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ግራው ይወፍራል። ስለዚህ የአራስን ልብ የሚያነብ ሰው ዕድሜውን በቀን ማወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ ግን መሪው ሰውነት ነው። እሱም ቢሆን አብሮ በእኩል አይሄድም፤ የልጁ የሰውነት ስፋት እጥፍ ሲሆን የግራው ክፍል ወርድ የሚጨምረው ከሲሶ ጥቂት በለጥ ያለ ብቻ ነው። ሚሊሜትሩን ዝም ብሎ ለሰውነት ስፋት የሚያካፍል ሰው ትንንሾቹን ልጆች ሁሉ ልበ ሰፊ፣ ትልልቆቹን ልበ ጠባብ የሚያደርጋቸው ለዚህ ነው።

የደጋው ክርክር ደስ የሚል ነገር አለው፤ ጮቄ ሥር ያደገ ሰው ልቤ ከሌላው ይበልጣል ቢል አልፈርድበትም። ደብረ ማርቆስ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጮቄ ከ4,000 ያልፋል። የአማራ ደገኞች በዓለም የሕክምና ጽሑፍም የታወቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት 3,700 ሜትር ላይ የሚኖሩ አዋቂ አማሮች በኢኮ ተለክተው ነበር። ከቆለኞቹ ወገኖቻቸው ይልቅ ወደ ሳንባ በሚሄደው ቧንቧ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የሳንባ ቧንቧዎቹ መጥበብ ግን አልታየም። ከፍታ የሚነካው ይህንን የሳንባውንና የቀኙን በኩል ነው። የግራው ክፍል ሲሰፋ «ደገኛ ስለሆነ ነው» ማለት ማስረጃ የለውም።

አደገኛም ነው። በከፍታ ቦታ በሚወለዱ ልጆች ዘንድ በብዛት የሚታይ አንድ ችግር አለ። ጽንሱ ሳለ ከልብ በሚወጡት በሁለቱ ትልልቅ ቧንቧዎች መካከል የሚያገናኝ መተላለፊያ አለ፤ ከተወለደ በኋላ በቀናት ውስጥ መዘጋት ሲገባው ክፍት ይቀራል። ደሙ ወደ ሳንባ ተመልሶ ይፈስና የግራውን ክፍል ያሰፋዋል። ይህ መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል፤ ቦስተን ውስጥ ሮበርት ግሮስ የሚባል ሐኪም የሰባት ዓመት ልጅ ላይ በቀዶ ሕክምና የቋጠረው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በእግር የደም ሥር በኩል በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይደፈናል። «የደገኛ ልብ ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ግን ይህን ዕድል ያጣል።

«መሣሪያው ይዋሻል» ለሚለው ሁለት መልስ አለ፣ አንዱ ለጸሐፊው አንዱ ለእኛ። ለጸሐፊው፦ ክልሉ ከመቶ ጤነኛ ልጆች ዘጠና አምስቱን ይይዛል ካልን አምስቱ ጤነኛ ሆነው ከክልሉ ውጪ ናቸው። ደግሞ በአንድ ኢኮ ወረቀት ላይ አሥራ አምስትና ሃያ ልኬት ሊኖር ይችላል፤ ከእነዚያ አንዱ መሥመር ቢያልፍ ብርቅ አይደለም። ሌላው ሁሉ ደኅና ሆኖ አንድ ቁጥር ብቻ ትንሽ ካለፈ ሐኪሙ የሚያደርገው ልጁን በሌላ ቀን ደግሞ መለካት ነው። የዘመዱ ልጅ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል።

ለእኛ የሚሆነው መልስ ግን ይበልጥ ያሳፍራል። ሁለት ቦታ ሁለት ቁጥር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ከለኪው ነው። የልጁ የግራ ክፍል 34 ሚሊሜትር ሆኖ መስመሩን ስንጥል 2 ሚሊሜትር ብንስት ዜድ ስኮሩ በሁለት ሦስተኛ ያህል ይዘላል። የልጅ ትልቁ የደም ቧንቧ ሥሩ የሚለካው ልብ ስትጨመቅ ነው፣ ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ። በአዋቂ ግን ልብ ስታርፍ ነው፣ ጠርዙም ሌላ ነው። አዋቂ ላይ የሠለጠነ ሰው ሕፃን ሲመጣለት እጁ በለመደው ይሄዳል። የአዋቂውን ፕሮብ (ደረት ላይ የሚያርፈውን የመሣሪያውን ጫፍ) ሳይቀይር የሚጀምርም አይቻለሁ፤ ሥዕሉ ይደፈርስና የግድግዳው ጠርዝ የት እንደሆነ መገመት ይጀምራል። ልጁ እያለቀሰ፣ ልቡ በደቂቃ 170 እየመታ የተለካ ልኬትም አለ። እናቱ ጡት እስክትሰጠው፣ ስልክ ላይ የበግ ግልገል ሥዕል እስክናሳየው መታገስ አለብን። ወረፋው ረጅም ነው፣ አውቃለሁ።

ጨረሩን በአጭሩ። አልትራሳውንድ ድምፅ ነው። ጆሯችን በሰከንድ እስከ 20,000 ንዝረት ይሰማል፤ ለልጅ ልብ የምንጠቀምበት ፕሮብ በሰከንድ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ይነዝራል፣ ድምፁ ከልቡ ግድግዳ ነጥሮ ሲመለስ ሥዕል ይሆናል። ጨረር ያለው ራጅ ነው። ስዊድን ሉንድ ከተማ ውስጥ ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ሄርዝ እ.ኤ.አ. በ1953 የሰው ልብ በዚህ ዘዴ ሲያዩ፣ መጀመሪያ የሞከሩበትን መሣሪያ የተዋሱት ከመርከብ ሠሪዎች ነበር፤ ብረት ውስጥ ስንጥቅ የሚፈልጉበት ነበር። ደረታቸው ላይ የምንቀባው ጄል ግን ይቀዘቅዛል፣ ልጆች የሚጮኹት በዚያ ነው።

የማዳመጫውን ክብር አልነካም፤ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2007 በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። በማዳመጥ ከሺህ ልጅ ሁለት ያህሉ ላይ የሩማቲክ የልብ ሕመም ተገኘ፤ እነዚያኑ ልጆች በኢኮ ሲያዩ በካምቦዲያ 21 ያህሉ፣ በሞዛምቢክ 30 ያህሉ ላይ ተገኘ። ጆሮ የሚሰማው ጎርፉን ነው። ቀድሞ ማግኘቱም ለወግ አይደለም። ገና ምልክት ያላሳዩ 818 የዩጋንዳ ልጆች እኩሌታዎቹ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ እየተሰጣቸው ሁለት ዓመት ሲከታተሏቸው፣ ከተወጉት የባሰባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም፤ ካልተወጉት ከመቶ ስምንት የባሰባቸው ነበሩ።

የገንዘቡ ነገር ግን እውነት አለበት፤ እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የተነሣውን ኢኮ ሳያይ ሌላ የሚያዝ ሐኪም አለ። ልኬት የሌለበት፣ «ኖርማል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ያለባት ወረቀት ይዞ የሚመጣ ወላጅ አለ፤ የትራንስፖርትና የአልጋ አውጥቶ፣ እህል ሸጦ። ያች ወረቀት ከዓመት በኋላ ለማነጻጸር አትጠቅምም። የልጅ ልብ ዋናው ነገር አካሄዱ ነው፤ ዜድ ስኮሩ ዓመት ለዓመት አንድ ቦታ ከቆየ ልቡ ከሰውነቱ ጋር እያደገ ነው፣ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ አንድ፣ ከአንድ ወደ ሁለት ካለ ገና ክልሉ ውስጥ ሆኖም ያሳስባል። ይህ የሚታየው ያለፈው ቁጥር ሲኖር ነው።

ለነርሷ ደውዬ የነገርኳት እንዲህ ነው። እናቶቹ ልጁን ከመላካቸው በፊት እዚያው ያለ ጋቢና ያለ ጫማ ይመዘን፣ ቆሞ ቁመቱ ይለካ፣ ቀኑ ተጽፎ በእጃቸው ይሁን። ኢኮ ከተነሣ በኋላ ሚሊሜትሩ ያለበትን ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ቁመትና ክብደቱ ተጽፎበት እንደሆነ ይጠይቁ። ከባህታዊ ክታብ ጋርም ቢሆን አብረው ያስቀምጡት፣ ብቻ በሚቀጥለው ይዘውት ይምጡ።

«ሚዛንስ አለን» አለችኝ። የቁመት መለኪያው ሰሌዳ ግን የእግር ማቆሚያው ከተነቀለ ቆይቷል፤ ልጆቹን መሬት ላይ እያቆሙ ነው የሚለኩት፣ ሰሌዳው ደግሞ ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። እዚያ መንደር አናጢ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋት።